የግዕዝ ፊደል በጥልፍ ማሽን፦ የ«ቤ» ቀለበት ይደፈናል፣ «ቡ» እና «ቢ» ይምታታሉ

ጥለት_ነጠላ፦

ሰላም የሙያ ጓደኞች። በባለ አንድ መርፌ የጥልፍ ማሽን ስም ለመጥለፍ ነው፤ ባብዛኛው የምርቃት ስቶልና የሽመና ነጠላ ላይ። ሁፑ (ጨርቁን ወጥሮ የሚይዘው ክፈፍ) 130 በ180 ሚሜ ነው። ፊደሉን ኮምፒውተሩ ላይ ካለው የኒያላ ፎንት እወስድና ሶፍትዌሩ ራሱ ወደ ስፌት ይቀይረዋል። አሁን ያለው ልክ ይህ ነው፦ የፊደል ቁመት 10 ሚሜ፣ 40 ቁጥር ሬዮን ክር፣ 75/11 መርፌ፣ የሳቲን (ግራ ቀኝ ተጠጋግቶ የሚሄደው ስፌት) ጥግግት፣ ማለትም በክሮቹ መሃል ያለው ርቀት፣ 0.4 ሚሜ፣ ፍጥነት በደቂቃ 800 ስፌት፣ ከሥር አንድ ንብርብር የሚቀደድ ስታቢላይዘር (ጨርቁን የሚደግፍ ገበር)።

የሚያስቸግረው፦ የ«ቤ»፣ የ«ሌ» እና የ«ቴ» ቀለበት ተደፍኖ ነጥብ ይሆናል። «ቡ» የነበረው ጭረቱ ይጠፋና «በ» ይመስላል፣ አንዳንዴም «ቢ» ተብሎ ይነበባል። ነጠላው ላይ በፊደሎቹ ዙሪያ ጨርቁ ይሸበሸባል፤ ከታጠበ በኋላ ደግሞ ይብስበታል። «፳፻፲፯» ሲጠለፍ የላይና የታች መስመሮቹ ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው አይገጥሙም። ፎንት ልቀይር ወይስ ልኩን? ትንሹ የሚነበብ ቁመትስ ስንት ነው?

ሳቲን_መርፌ፦

ቁመቱን ከቀለበቱ ተነሥተው ያስሉት። ለላቲን ፊደል የሚባለው «5 ወይም 6 ሚሜ ይበቃል» ለእኛ ፊደል አይሠራም፤ ምክንያቱም የእኛ ፊደል ድምፁን የሚለውጠው በትንሿ ቅጥያ ነው። ካዕብና ሣልስን የምትለየው ጭረቷ ያለችበት ቦታ ናት፤ ኃምስን የሚለየው ደግሞ እግሩ ላይ ያለው ቀለበት። ቅጥያዋ ከጠፋች ስሙ ተቀየረ ማለት ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። 75 ቁጥር መርፌ ማለት ውፍረቱ 0.75 ሚሜ ነው። የቀለበቱ ክፍተት ከዚህ ብዙም ካልበለጠ ለክሩ ቦታ አይተርፍም። በ40 ቁጥር ክር የቀለበቱ ግድግዳ ቢያንስ 1 ሚሜ፣ ክፍተቱም ቢያንስ 1 ሚሜ መሆን አለበት። ግድግዳ፣ ክፍተት፣ ግድግዳ፦ 3 ሚሜ። ቀለበቱ የፊደሉን ቁመት አንድ አምስተኛ በሚይዝበት ፎንት የፊደሉ ቁመት 15 ሚሜ ይወጣል። የእርስዎ 10 ሚሜ ላይ ቀለበቱ በጠቅላላው 2 ሚሜ ነው፤ ሊከፈት የሚችልበት መንገድ የለም።

ከዚህ ማነስ ካለበት ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው ቀጠን ያለው 60 ቁጥር ክር በ65/9 መርፌ፦ ግድግዳው 0.8፣ ክፍተቱ 0.8፣ ጥግግቱ 0.35 ሚሜ ይሁን፤ በዚሁ ስሌት 12 ሚሜ ላይ ይደርሳሉ። ሁለተኛው ቀለበቱን ብቻ በእጅ ማሳደግ ነው። ስክሪን ላይ ፊደሉ እግሩ ያበጠ ይመስላል፤ ጨርቅ ላይ ግን ልክ ይሆናል። የስፌት ፊደል ስክሪን ላይ ማማር የለበትም።

«ቡ» ለምን «በ» እንደሚሆን፦ ሶፍትዌሩ በራሱ ሲቀይር ብዙ ጊዜ እግሩንና ጭረቱን አንድ ቁራጭ አድርጎ በአንድ አቅጣጫ ይሞላቸዋል። እግሩ ቀጥ ያለ ስለሆነ ክሩ በአግድም ይሄዳል፤ ጭረቷም በዚያው በአግድም ትሰፋለች። ክር ደግሞ በሄደበት አቅጣጫ ጨርቁን ይሰበስባል። ስለዚህ 1.5 ሚሜ የነበረችው ጭረት ከጫፏ ተስባ ወደ እግሩ ትገባና ትጠፋለች። መፍትሔው ጭረቷን ለብቻዋ ሳቲን አድርጎ ክሩን ከላይ ወደ ታች ማስኬድ፣ ሥሯን እግሩ ውስጥ 0.5 ሚሜ ማስገባት፣ ከእግሩ ውጭ የምትታየውንም ቢያንስ 1.5 ሚሜ፣ ቢቻል 2 ሚሜ ማድረግ ነው። ጭረቷ ቀድማ ትሰፋ፣ እግሩ ከላይ ይሂድባት። የ«ቡ»ን ጭረት ፎንቱ ካስቀመጣት ትንሽ ከፍ፣ የ«ቢ»ን ደግሞ እግሩ መጨረሻ ላይ ያድርጓት፤ ልዩነቷን ማጋነን ያዋጣል።

ከሥር የሚሰፋውን አንደርሌይ በስፋቱ ይምረጡ። ከ1 እስከ 2 ሚሜ ለሆነ መስመር መሃል ለመሃል አንድ ሩጫ ስፌት ይበቃል። ከ2 ሚሜ በላይ ሲሆን ግራና ቀኝ ጠርዙን ተከትሎ የሚሄደው። ከ3 ወይም 4 ሚሜ ሲያልፍ ዚግዛግ ይጨመርበት። ከ7 ሚሜ በላይ ሳቲን አይሠሩ፤ ክሩ ይላላና በቀለበትና በአምባር እየተያዘ ይመዘዛል። ያን ያህል የሰፋውን በታታሚ (በአጫጭር ስፌት ረድፍ) ሙሌት ወይም በተከፈለ ሳቲን ይሥሩት።

ፍጥነቱን ወደ 600 ያውርዱ። ትንሽ ፊደል ላይ 800 ምንም አያተርፍም፤ በየ1 ሚሜው ግራ ቀኝ ለሚወዛወዝ ክንድ ፍጥነት ክር መበጠሻ ነው።

ቬክተር፦

ፎንቱን በተመለከተ፦ ኒያላ በብዕር አጣጣል የተሠራ ስለሆነ ወፍራሙና ቀጭኑ መስመር ይለያያል፤ ቀጭኑ ነው የሚገድልዎት። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ውፍረቱ ወጥ ስለሆነ ለመነሻ ይሻላል። «አቢሲኒካ ሲል» የሚባለው ፎንት ለትልቅ ርዕስ፣ ከ30 ሚሜ በላይ ሲሆን፣ ያምራል።

ከመስፋትዎ በፊት የሚሠራ ቀላል ፈተና አለ። ነፃ በሆነው የሥዕል ሶፍትዌር፣ በኢንክስኬፕ፣ ስሙን ይጻፉና በትክክለኛው ቁመት ያድርጉት፤ ከዚያ ሺፍት፣ ኮንትሮልና ሲ ተጭነው ወደ ቅርጽ ይቀይሩት። ዲያሜትሩ 1 ሚሜ የሆነ ቀይ ክብ ይሣሉና ፊደሉ ላይ ያንሸራቱት። ክቡ ከመስመሩ ውጭ በፈሰሰበት ቦታ ሁሉ መስመሩ ቀጥኗል። ያንኑ ክብ ቀለበቱ ክፍተት ውስጥ ያስገቡት፤ ካልገባ ይደፈናል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ግን አንድ ነጠላ ያድናል። አንድ ጥንቃቄ፦ ቅርጹን «ለያይ» በሚለው ትእዛዝ አይበትኑት፤ የ«ዐ»፣ የ«ፀ»ና የቀለበቶቹ ውስጥ ክፍተት የራሱ ሙሉ ክብ ይሆንና ይሰፋል።

ከዚያ በኋላ አውቶማቲኩን ይተዉት። ኢንክስኬፕ ላይ የሚጫነው የጥልፍ ሶፍትዌር፣ ኢንክ ስቲች፣ ነፃ ነው። ፎንቱን ደብዛዛ አድርገው ከሥር ያስቀምጡና በላዩ ላይ የፊደሉን መሃል መስመር በብዕር መሣሪያው ይሣሉ፤ «ለ» ማለት ሁለት እግርና አንድ ቅስት ነው። ለእግሩ 1.8፣ ለቅስቱ 1.4፣ ለጭረቱ 1.2 ሚሜ ውፍረት ይስጡና መስመሩን ወደ ሳቲን ይቀይሩት። የዚግዛጉ ርቀት ሲጀምር 0.4 ነው፤ ለ40 ቁጥር ክር እንዳለ ይተዉት። በዚህ መንገድ የተሠራ ፊደል እያንዳንዱ ክፍል የራሱ አቅጣጫ ስላለው ከላይ የተባለው የጭረት ችግር አይመጣም።

የፊደሉ ክፍሎች ቅደም ተከተል፦ ቅጥያ፣ ቅስት፣ ከዚያ እግር። ከግራ ጀምሮ በመጨረሻው እግር ታች ማለቅ አለበት፤ ቀጣዩ ፊደል ከዚያው አጠገብ ሲጀምር ዝላዩ አጭር ይሆናል። ሙሉውን 231 ፊደል በአንድ ጊዜ ለመሥራት አይነሡ። በየትእዛዙ የመጣውን ፊደል እየሠሩ ማጠራቀም ይሻላል፤ «በ» አንዴ በደንብ ከተሠራ «ቡ»፣ «ቢ» እና «ቤ» ቅጥያ መጨመር ብቻ ናቸው። ዲቃሎቹን፣ እነ «ሟ» እና «ቷ»ን፣ ለመጨረሻ ያቆዩ፤ ከሥር ያለችው አግድም መስመር ሌላ 1 ሚሜ መስመርና 1 ሚሜ ክፍተት ስለምትፈልግ በ15 ሚሜ ላይም ይጨናነቃሉ።

ዋናውን ፋይል ሁልጊዜ ያስቀምጡ። ለማሽኑ የሚሰጠው የዲኤስቲ ፋይል የስፌት ነጥብ ብቻ ነው የሚይዘው፤ የክር ቀለምም አይመዘግብም። ማሽኑ ላይ ከ10 በመቶ በላይ ካሳነሱት የስፌቱ ብዛት ሳይቀንስ ይጠጋጋል፣ ድርቅ ብሎ ክር ይበጥሳል።

ድርና_ማግ፦

ነጠላው ላይ ያለው መሸብሸብ ሁለት የተለያየ ምክንያት አለው፤ አንድ ላይ መታከም የለበትም።

ከታጠበ በኋላ የሚብሰው ጥጡ ስለሚገባ ነው። በእጅ የተፈተለ ማግ ያለው ሸማ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ የጥልፉ ክር ግን እንደዚያ አይሰበሰብም፣ ፊደሉ ባለበት እየቀረ ዙሪያው ይጨማደዳል። ከመጠለፉ በፊት ጨርቁ በለብታ ውሃ ይታጠብ፣ በጥላ ይድረቅ፣ ይተኮስ። ደንበኛው አዲስ ነጠላ ይዞ መጥቶ «ዛሬውኑ» ካለ ይህን አስቀድሞ መንገር ነው።

ማሽኑ ላይ እያለ የሚሸበሸበው ግን ከስታቢላይዘሩ ነው። ሳሳ ያለ ሸማ ላይ የሚቀደደው አይነት ብቻውን አይበቃም፤ መርፌው በሳቲኑ ጠርዝ እየበሳው ገና ሳያልቅ ይቀደዳል፣ ድሩና ማጉም ይንሸራተታል። በብረት የሚጣበቅ ነጭ ስስ መረብ፣ የሚቆረጠው አይነት፣ ከጀርባ ይተኮስበት፤ ከእሱ ሥር የሚቀደደውን አንድ ንብርብር ያስገቡ። ሲያልቅ የሚቀደደው ይነሣል፤ መረቡ ከፊደሉ ዙሪያ 5 ሚሜ ያህል ተትቶ ይቆረጣል። ነጭ ካልሆነ በሸማው ውስጥ ይታያል።

ሁፕ ላይ እንደ ከበሮ መወጠር ያለበት ስታቢላይዘሩ ነው። ሸማውን ሁፑ ከጠበቀ በኋላ ጫፉን እየጎተቱ ከወጠሩት፣ ሲፈታ ወደ ቦታው ይመለስና ፊደሉን ይዞት ይጨማደዳል።

ከላይ በውሃ የሚሟሟ ስስ ፊልም ይደረግ። የእግሩ ክር በአግድም ሲሄድ ከማጉ ጋር ትይዩ ስለሚሆን በክሮቹ መሃል ይሰምጣል፤ ጠርዙ የተበላ የሚመስለው ለዚህ ነው። ፊልሙ ይይዘዋል። ፑል ኮምፐንሴሽን፣ ማለትም ሳቲኑ እንደሚጠብ አስቦ አስቀድሞ ማስፋት፣ ለሸማ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሜ ይሁን፤ ለስቶሉ ጨርቅ 0.2 ይበቃል። ግን ልብ ይበሉ፤ ይህ ሲጨምር የቀለበቱን ክፍተት ይበላዋል። በ0.4 ማስፋት የሚሰፋ ፊደል ላይ ክፍተቱ 1.4 ሆኖ ይሣል።

ሳቲን_መርፌ ላይ አንድ ተቃውሞ አለኝ። 60 ቁጥር ክር ለስቶል ጥሩ ነው፤ ለሽመና ነጠላ ግን አይመከርም። ቀጭኑ ክር ከማጉ ጉብታ በላይ አይወጣም፣ ፊደሉ ከሩቅ ቆሻሻ ይመስላል። ነጠላ ላይ 18 ወይም 20 ሚሜ በ40 ቁጥር፣ ጥግግቱ 0.45፣ መርፌው ጫፉ ክብ የሆነ 70/10 ይሁን፤ ሹሉ በእጅ የተፈተለውን ክር ይሰነጥቃል። ከጥበቡም ጠርዝ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቁ፤ እዚያ ላይ ውፍረቱ ስለሚለያይ የሁፑ አያያዝ ወጥ አይሆንም።

ሬዮኑንም ይተዉት። ነጭ ልብስ በእኛ አገር መቼም በረኪና ሳይነካው አይቀርም፤ ሬዮን ደግሞ በበረኪና ቀለሙ ይሄዳል። ፖሊስተር ይችለዋል።

ሳቲን_መርፌ፦

ስለ ሸማው እቀበላለሁ፤ 60 ቁጥር ያልኩት ስቶሉን አስቤ ነው።

ጥለት_ነጠላ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ክቡን ሞክሬዋለሁ፤ በ10 ሚሜ ኒያላ ላይ ቅስቶቹ በሙሉ ከክቡ ያንሳሉ። ሁለት ተጨማሪ ጥያቄ። የሠርግ ካባ ላይ፣ ከፈይ ጨርቅ ላይ፣ በወርቃማ ክር የሁለቱን ስም በሐረግ ከብቤ ለማድረግ ታዝዣለሁ። ወርቃማው ክር በየደቂቃው ይበጠሳል። የፊደሉን ዙሪያ በጥቁር መስመር ማስከበብስ ያዋጣል?

ከፈይ_ካባ፦

ወርቃማው ክር የሚበጠሰው ብዙ ጊዜ በመርፌው ቀዳዳ ውስጥ ሲፈተግ ነው። አብረቅራቂው ቅጠል በመሃል ክር ላይ ተጠምጥሞ ነው የሚሠራው፤ ቀዳዳው ሲጠብ ቅጠሉ ይላጥና ይቆለላል። ቀዳዳው ረጅም የሆነ የሜታሊክ ወይም የቶፕስቲች መርፌ 90/14 ያስገቡ። ፍጥነት ከ400 እስከ 500፣ የላይኛው ውጥረት ከተለመደው ይላላ፣ ጥግግቱ 0.5 ሚሜ ይሁን። ክሩ ከማሽኑ ጋር ከተጣበቀው መያዣ ሳይሆን ሜትር ያህል ራቅ ካለ ማቆሚያ ይምጣ፤ ከጥቅሉ ሲወጣ የያዘው መጠማዘዝ በመንገዱ ይፈታል። መርፌው ትልቅ ስለሆነ የ15 ሚሜ ሒሳብ ካባ ላይ አይሠራም፦ ግድግዳው 1.5፣ ክፍተቱ 1.5፣ ቀለበቱ 4.5፣ ፊደሉ 23 ሚሜ ያህል።

ከፈዩን ሁፕ ውስጥ አያስገቡት። ጠጉሩ ይተኛና የክቡ ምልክት አይለቅም። የሚቆረጠውን ስታቢላይዘር ብቻ ወጥረው የሚጣበቅ ስፕሬይ ይርጩበት፣ ካባውን በላዩ ያስተኙት፣ ዙሪያውን በረጅም ስፌት ያስይዙት። ከፊደሉ በፊት በከፈዩ ቀለም ክር፣ ርቀቱ ከ1 እስከ 1.5 ሚሜ የሆነ ሳሳ ያለ ሙሌት ከፊደሉ ጠርዝ 2 ሚሜ ወጣ ብሎ ይሰፋ። ጠጉሩን አስተኝቶ ይይዝልዎታል። ያለ እሱ ጭረቶቹና ቀለበቶቹ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተለበሰ በኋላ ጠጉር ውስጥ ይሰጥማሉ። ከላይ የሚደረገውን ፊልም በእጅ ቀዶ ማንሣት ነው፤ ቀለበት ውስጥ የቀረችዋን በእርጥብ የጆሮ ጥጥ ነካ ማድረግ ይበቃል። ከፈይ አይነከር።

ሐረጉ፦ የብራና ላይ ሐረግ የሚያምረው ሽመናው፣ ከላይና ከታች እየተፈራረቀ ማለፉ ነው። ጥልፍ ላይ ያ ሁሉ መደራረብ ጉብታ ይሆናል። ከሥር የሚያልፈውን ጠፍር መገናኛው ላይ ይቁረጡት፤ ከላይኛው ሥር 0.5 ሚሜ ብቻ ይግባ። የጠፍሩ ወርድ ከፊደሉ እግር ካነሰ ይሻላል፤ የፊደሉ እግር 3 ሚሜ ከሆነ ሐረጉ 2። ከሐረጉ እስከ ፊደሉ ደግሞ ቢያንስ የእግሩን ወርድ ሁለት እጥፍ ያህል ባዶ ቦታ ይተዉ፤ አለዚያ ዓይን ሐረጉን እንደ ፊደል ቅጥያ ያነበዋል። ፊደሉ ቀድሞ ሐረጉ ይከተል፣ ከመሃል ወደ ዳር።

በጥቁር ማስከበቡ እንደ እኔ ይቅር። ከፈይ ላይ ጨርቁ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከተንቀሳቀሰ መስመሩ በአንድ በኩል ወርቁ ላይ፣ በሌላ በኩል ባዶ ላይ ይወድቃል፤ ቀለበቶቹንም ያጨልማቸዋል። የግድ ከሆነ ሁሉንም ፊደል ጨርሰው ወደ መስመሩ አይመለሱ። አንዱ ፊደል እንዳለቀ መስመሩ ይሰፋለት፤ ክር መቀያየሩ ይሰለቻል፣ ግን ይገጥማል።

ቬክተር፦

«፳፻፲፯» ሳይመለስ ቀረ። እያንዳንዱ ቁጥር የራሱ የላይና የታች መስመር አለው፤ ሶፍትዌሩ አራት የላይ፣ አራት የታች አጫጭር ሳቲን ያደርጋቸዋል። ሳቲን ወርዱ ይሰበሰብና ጫፉ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ጎን ለጎን ያሉት እየተገፋፉ ደረጃ ይሠራሉ። የላዮቹን አራት ሰርዘው ከዳር እስከ ዳር አንድ ረጅም ሳቲን ይሣሉ፤ የታቹንም እንዲሁ። መጀመሪያ የቁጥሮቹ አካል ይሰፋ፣ ጫፋቸው መስመሩ ውስጥ 0.5 ሚሜ ይግባ፣ ከዚያ መስመሮቹ በላያቸው ይሂዱ፤ ሁለቱንም ከግራ ወደ ቀኝ ያስሰፏቸው። የመስመሩን ግራና ቀኝ ጫፍ 0.3 ሚሜ ያሳጥሩት፤ ሲሰፋ ራሱ ተገፍቶ ይሞላዋል።

ሁለት ነጥብና አራት ነጥብም በራስ ሰር መቀየሪያ ክብ ሆነው ይመጡና የክር ቋጠሮ ይሆናሉ። ወርዱ 1.5 ሚሜ የሆነ፣ በማዕዘኑ የቆመ ትንሽ አራት ማዕዘን ሳቲን ያድርጓቸው፤ የብራና ነጥብም ይመስላል። በነጥቦቹ መሃል 1.5 ሚሜ ይተዉ። ማሽኑ በሁለቱ መሃል ክሩን እንዲቆርጥ አያድርጉ፤ በዚያ ርቀት መቋጫው ከነጥቡ ይበልጣል። ዝላዩን ይተዉና ሲያልቅ በቀጭን መቀስ ያንሱት።

ጊዜውን ለማስላት፦ በ0.4 ርቀት እያንዳንዱ 10 ሚሜ የሳቲን መስመር 50 ስፌት ይበላል። አንድ 15 ሚሜ ፊደል መስመሩ ተደምሮ 45 ሚሜ ቢሆን 225፣ ከነአንደርሌዩ 300 ገደማ ነው። አሥር ፊደል ያለው ስም በ600 ፍጥነት 5 ደቂቃ፣ መቁረጫው ሳይቆጠር።

ድርና_ማግ፦

ከመጀመርዎ በፊት በዚያው ጨርቅ ቁራጭ ላይ «ቡቢቤ» ብለው ይስፉና ገልብጠው ይዩት። ከጀርባ የቦቢኑ (የሥረኛው ክር መጠቅለያ) ነጭ ክር የእግሩን መሃል አንድ ሦስተኛ ያህል መያዝ አለበት። ከጀርባ ነጩ ጨርሶ ካልታየ የላዩ ክር ላልቷል። ነጩ ፊት ለፊት ከወጣ የላዩ ጠብቋል፤ ወይ ቦቢኑ ውስጥ የሸማ ብናኝ ገብቶ ክሩ ልል ሆኗል፤ ሸማ ከሰፉ በየቦቢኑ ቅያሪ ያራግፉት።